ዕድሜ ያለው ቢላና የወጥ ቤት ዕቃ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጓዳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ዕለት ወጥ ቤቴን ላጸዳ ተነስቼ አንድ ካርቶን ሙሉ የሚጣል ዕቃ ወጣኝ። ጫፉ የቀለጠ የፕላስቲክ ማማሰያ፣ ሽፋኑ የተላጠ መጥበሻ፣ ውሃ ጠጥቶ የተጣመመ መክተፊያ፣ ከነመቆሚያቸው አንድ ላይ የገዛኋቸው ስድስት ቢላዎች። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ቲማቲም አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል እንጂ። ሳስበው አብዛኛው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ገንዘቡ ቆጭቶኛል። ከገንዘቡ በላይ ግን ያ ሁሉ ፕላስቲክ ከእኔ ቤት ወጥቶ የሆነ ቦታ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር መሆኑን ሳስብ ከፋኝ።

ስለዚህ አሁን ጥቂት ነገር ብቻ ገዝቼ ለረጅም ዓመት ልጠቀምበት ወስኛለሁ። ችግሩ የማየው ዕቃ ሁሉ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አንዱ ቀርከሃ ነኝ ይላል፣ አንዱ ሴራሚክ፣ ሌላው «ከመርዝ ነፃ» ይላል። የትኛው እውነት የትኛው ማሻሻጫ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ቢላ ስንት ይበቃኛል፣ ከምን ዓይነት ብረት የተሠራ ቢሆን ይሻላል? ማማሰያና ጭልፋስ? እንጨት፣ ብረት ወይስ እንደ ጎማ የሚተጣጠፈው ሲሊኮን? መጥበሻውንስ በምን ልተካው? ደግሞ አንዲት አሮጌ ቢላ አለችኝ፣ ብረቷ ደህና ነው ግን እጀታዋ ተሰንጥቆ ይነቃነቃል። እሷንም ካርቶኑ ውስጥ ጨምሬያታለሁ። የምታውቁትን አካፍሉኝ።


ስለት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን አሮጌ ቢላ ከካርቶኑ አውጫት። እጀታዋን በጀርባዋ በኩል እዪው። ብረቱ በሁለቱ እንጨቶች መሃል እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ዘልቆ የሚታይ ከሆነ አትጣልም፣ እጀታ ይለወጥላታል። ብረቱ አጭር ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ግን ሥራው ይከብዳል። አዲስ ስትገዢም መጀመሪያ የምታዪው ይህንኑ ነው። አብዛኛው ቢላ የሚሞተው በስለቱ ሳይሆን በእጀታው ነው።

እኔ ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢላ ከእጄ አይወጣም። የምጠቀመው ግን ሦስት ነው። አንድ ትልቅ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ አንድ ትንሽ ለመላጫና ለጥቃቅን ሥራ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ አንድ ደግሞ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ። በቃ። የስድስቱንና የአሥሩን ስብስብ ተዪው፣ በዚያው ገንዘብ አንድ ጥሩ ቢላ ይገዛል። ከትልቁ ጀምሪ፣ ሌሎቹን ሲያስፈልግሽ ትጨምሪያለሽ።

ስለ ብረቱ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ የማይዝግ ብረት ነው፣ ስቴንለስ የምንለው። ውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፣ ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራና ዝገቱን ይከላከላል። ሼፊልድ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን ብረት ሲያወጣ መጀመሪያ ከዋለባቸው ነገሮች አንዱ የገበታ ቢላ ነበር። ከዚያ በፊት የብረት ቢላ ይዝግ ነበር።

ሌላው ካርቦን ብረት ነው። ይዝጋል። ሎሚ ወይም ሽንኩርት ቆርጠሽ ሳታጥቢው ከተውሽው ይጠቁራል፣ አንድ ሌሊት እርጥብ ካደረ ደግሞ ይዝጋል። ግን በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ግሩም ነው። እያደር ግራጫ መልክ ይይዛል። እሱ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ከዝገት በመጠኑ ይከልለዋል፣ አትፍሪው። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነና ወዲያው አጥቦ የማድረቅ ልማድ ከሌለ ስቴንለስ ግዢ። ብቻሽን ከሆንሽና ዕቃ መንከባከብ ከወደድሽ ካርቦን አትቆጪበትም።

ጥንካሬውን በሮክዌል መለኪያ ይጽፉታል። ከ54 እስከ 58 የሚል ቢላ ለስለስ ያለ ነው፣ ቶሎ ይዶለድማል ግን አይሸረፍም፣ ስትስይውም ቶሎ ይመለሳል። ከ60 በላይ ያለው ስለቱ ይቆያል፣ ሆኖም አጥንት ወይም በረዶ የያዘ ሥጋ ከመታ አፉ ይሸረፋል። ለመጀመሪያ ቢላ እኔ ለስለስ ያለውን እመርጣለሁ። የሴራሚክ ቢላ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ይቆርጣል፣ ግን ወለል ላይ ከወደቀ ሊሰበር ይችላል፣ ለመሳልም አልማዝ ያለው መሳያ ይፈልጋል። ሲሰበርም እንደ ብረት አቅልጠው ሌላ አይሠሩበትም። አንቺ ለምትፈልጊው ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ መሳል። እነዚያ ስድስቱ ቢላዎች ምናልባት አልተበላሹም። አልተሳሉም። ሥጋ ቆራጮች የሚይዙት ረጅሙ የብረት ዘንግ የተጣመመውን ስለት ያቀናል እንጂ አዲስ ስለት አያወጣም። ስለት የሚያወጣው ድንጋይ ነው። 1000 ቁጥር የተጻፈበት አንድ መሳያ ድንጋይ ለቤት ይበቃል። ቁጥሩ ከ400 በታች ሲሆን ለተሸረፈ፣ 3000 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለማለስለሻ ነው። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድመሽ ትገፊያለሽ። 15 ዲግሪው ለጠንካራው ብረት ነው፣ 20ው ለለስላሳው። በወዲያኛው ጎን ጣትሽ ላይ የሚሻክር ስስ የብረት ጠርዝ ሲወጣ ያ ጎን አለቀ ማለት ነው፣ ትገለብጫለሽ። መጀመሪያ ላይ እጅ አይታዘዝም። ከምትወጃት ቢላ አትጀምሪ፣ ልትጥያቸው ከነበሩት በአንዷ ተለማመጂ።

ሌላው ቢላ ገዳይ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። ሙቀቱና ሳሙናው እጀታውን ያደርቀዋል፣ ቢላው ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጋጭ ስለቱ ይጠፋል። በእጅ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት። የመስታወትና የእብነበረድ መክተፊያም እንዲሁ ነው፣ እባክሽ ቤትሽ አታስገቢው። አንድ ቀን ቆርጠሽበት ስለትሽ ይሄዳል።


መሮ፦

ልጄ፣ እኔ አናጢ ነኝ፣ ስለ እንጨቱ ልንገርሽ።

ማማሰያና መክተፊያ ከጠንካራና ውስጡ ጥቅጥቅ ካለ እንጨት መሆን አለበት። ወይራ፣ ሜፕል፣ ቢች ጥሩ ናቸው። ለስላሳ እንጨት ውሃ ይጠጣል፣ ሽታ ይይዛል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስትገዢ ገጹን በጥፍርሽ ጫን ብለሽ እዪው፣ ምልክት በቀላሉ ከቀረበት ተዪው። ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ ማማሰያ በማጣበቂያ ከተገጣጠመው ይሻላል፣ ምክንያቱም ሙቅ ነገር ውስጥ ሲገባ ሲወጣ መጀመሪያ የሚለቀው ማጣበቂያው ነው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ ማማሰያም አትግዢ። ቫርኒሹ ተልጦ ምግቡ ውስጥ ይገባል።

ዘይት ያስፈልገዋል። የምግብ ዘይት ግን አትቀቢው፣ ይከርፋል። ለምግብ ዕቃ ተብሎ የሚሸጥ ማዕድን ዘይት አለ፣ እሱ አይከረፋም፣ ነገር ግን የሚገኘው ከነዳጅ ነው። ይህ ካልተመቸሽ ጥሬ የተልባ ዘይት ከንብ ሰም ጋር ተጠቀሚ። ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ታገሺው። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ሁለት ነገር አለ። ቀለም መሸጫ ቤት «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ለምግብ ዕቃ አይሆንም፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብረት ያለበት ኬሚካል ይጨምሩበታል። ሁለተኛ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልለሽ አትጣይ። ሲደርቅ ራሱ ይሞቅና እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው ወይም ውሃ ውስጥ ንከሪው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፣ ግን እውነት ነው።

ማማሰያው ሲሻክር ማለቁ አይደለም። 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሰጂ፣ አሸት አድርጊው፣ ዘይት ቀቢው፣ አዲስ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ነክረሽ አታሳድሪው እንጂ ብዙ ዓመት ያገለግልሻል። በመጨረሻ ሲሰበርም ወይ ይነድዳል ወይ አፈር ይሆናል።

መክተፊያ ላይ ሰዎች እንጨት ጀርም ይይዛል ይላሉ። ዲን ክሊቨር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በጥናት ፈትሾታል። ባክቴሪያው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ገባና አልተራባም፣ እየሞተ ሄደ። በቢላ የተቧጨረ ፕላስቲክ ግን ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ለማጽዳት አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ለጥሬ ሥጋ ለብቻው አንድ መክተፊያ ያዢ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ በጎኑ አቁመሽ ሁለቱም ገጽ አየር እንዲያገኝ አድርጊ። የተጣመመብሽ አንድ ገጹ ብቻ እየረጠበ ስለነበረ ነው። ሲጣመምብሽ ደግሞ ወዲያው አትጣዪው፣ የጎበጠውን ወደ ላይ አድርገሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝው፣ አንዳንዴ ይመለሳል።

ቀርከሃ ደግሞ እንጨት አይደለም፣ የሣር ዘር ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም እንደገና ይበቅላል፣ ይህ እውነት ነው። ችግሩ መክተፊያ ለማድረግ ቀጫጭኑን በማጣበቂያ ማያያዝ ግድ ነው፣ በተፈጥሮውም ሲሊካ ስላለው ቢላ ያደነዝዛል። ለማማሰያ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ከተጠረበ ክፋት የለውም። ከምንም በላይ «የቀርከሃ ፋይበር» የሚባለውን ሳህንና ኩባያ ተጠንቀቂ። እሱ የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት ሜላሚን ፕላስቲክ ነው። ትኩስ ነገር ሲገባበት ሜላሚንና ፎርማልዲሃይድ የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ሊለቅ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ከገበያ ለማስወጣት ዘመቻ የከፈተበት በዚህ ምክንያት ነው። ላዩ ላይ የተሳለውን ቅጠል አትመኚው።


እሳት ዳር፦

መጥበሻውን ለእኔ ተዉልኝ።

የማያጣብቀው መጥበሻ ሽፋን ፒቲኤፍኢ ይባላል፣ ቴፍሎን በሚለው ስሙ ነው የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕሉንኬት የሚባል ኬሚስት ሌላ ነገር ሲሠራ በአጋጣሚ ያገኘው ነው። በአግባቡ ከተጠቀሙበት ወዲያው የሚጎዳ አይደለም፣ ግን ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ መበላሸት ይጀምራል። ባዶ መጥበሻ ኃይለኛ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትረሺው እዚያ ይደርሳል። ጭሱ በቤት ውስጥ ያለች ወፍ ይገድላል። «ፒኤፍኦኤ የለውም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ያሳስታል። ፒኤፍኦኤ ሽፋኑን ለመሥራት ይጠቀሙበት የነበረ ሌላ ኬሚካል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እሱ ቀረ ማለት ሽፋኑ ፒቲኤፍኢ አይደለም ማለት አይደለም። ያም ሆነ ይህ ሽፋን ያለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይላጣል፣ ሴራሚክ የተቀባውም ጭምር። እሱ እንዲያውም ሳይላጥ በፊት ማንሸራተቱን ያቆማል።

ስለዚህ ሽፋን የሌለው። እኔ ያለኝ ሁለት ነው። አንዱ ካስት አይረን የሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከባድ የብረት መጥበሻ፣ ሌላው ከታቹ ወፍራም የሆነ የማይዝግ ብረት ድስት። ካስት አይረኑን አሮጌ ነው የገዛሁት፣ ዝገት በልቶት ነበር። ዝገቱን በሽቦ ፈግፍጌ አወረድኩት፣ አጠብኩት፣ እሳት ላይ አደረቅኩት፣ ከዚያ በጣም ስስ ዘይት ቀባሁት። በጣም ስስ ስላችሁ፣ ቀብታችሁ መልሳችሁ በደረቅ ጨርቅ የጠረጋችሁት እስኪመስል። ኦቨን ውስጥ ገልብጬ 220 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት ተውኩት። ዘይቱ በሙቀቱ ይለወጥና ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ልባስ ይሆናል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። አሁን እንቁላል አይዝብኝም። ልባሱ ቢላጥ መልሼ እሠራዋለሁ፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

በሳሙና አይታጠብም የሚሉት አሁን አይሠራም። ድሮ ሳሙናው ሶዳው ኃይለኛ ስለነበር ልባሱን ያነሳ ነበር። የዛሬው የዕቃ ሳሙና ምንም አያደርገውም፣ ነክሮ ማሳደር ነው የማይቻለው። ቲማቲምና ሎሚ የበዛበት ነገር ግን ለረጅም ሰዓት አታብስዪበት፣ ለሱ የማይዝገው ድስት ይሻላል። ካስት አይረን እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሪበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ቀልጠው የሚሠሩ፣ ምንጫቸው የማይታወቅ የአልሙኒየም ድስቶች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ በተለይ አትጠቀሙባቸው።


ቆጣቢ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ምክር ያነበበ ሰው ቤቱ ገብቶ ደህናውን ዕቃ ሁሉ ጥሎ አዲስ «ተስማሚ» ዕቃ ሲገዛ አይቻለሁ፣ ያ ለማንም አይጠቅምም። የሚሠራ ነገር ካለሽ እስኪያልቅ ተጠቀሚበት። የማይዝጉ ማንኪያዎችሽ ቀለማቸው ስለደበዘዘ አትቀይሪያቸው። የምትገዢውንም መጀመሪያ ያገለገለ ፈልጊ። ብረት ሲያረጅ የሚበላሽ ነገር አይደለም፣ የተቧጨረ ጭልፋ ያው ጭልፋ ነው።

ፕላስቲኩን በተመለከተ ግን ሁለት ነገር ቢወጣ አልቃወምም። አንዱ የቀለጠው ነው። ሌላው ጥቁር የፕላስቲክ ማማሰያ። አንዳንዱ ከአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽፋን የተሠራ ፕላስቲክ ይቀላቀልበታል፣ በእሱ ውስጥ እሳት እንዳይይዝ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ተገኝተዋል። ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክ መልሶ ለመጠቀም አይመችም፣ ጥቁር ያደረገው ካርቦን የመለያ ማሽኑን ብርሃን ስለሚውጠው ማሽኑ አያየውም። የደህና ፕላስቲክ ሳጥኖችሽን ግን ተያቸው፣ ደረቅ እህል ያዢባቸው፣ ትኩስ ነገር ብቻ አታድርጊባቸው።


የጓዳ ልጅ፦

ኧረ እናንተ! ይህን ያህል አልጠበቅኩም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቢላዋን አውጥቼ አየኋት። ብረቱ እስከ ጫፍ ዘልቋል፣ እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዙ ሦስት ሪቬት (የብረት ችንካር) አለው፣ አንዱ ወልቋል። ልጥላት ነበር እኮ!

አሁን ሌላ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ጥሩ ስቴንለስ በማግኔት አይሳብም ሲሉ ሰምቼ ቤት ያለውን ሁሉ ሞከርኩ። ማንኪያዎቼን አልሳበም፣ ቢላዎቼን ግን ሁሉንም ሳበ። ተታልዬ ነው ማለት ነው? ደግሞ ማንም ስለ ሲሊኮን አላነሳም።

ጋሼ መሮ፣ እጀታውን ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይስ ባለሙያ ጋ ልውሰደው? እርስዎ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።


ስለት፦

አልተታለልሽም። የማይዝግ ብረት አንድ ዓይነት አይደለም። ማንኪያሽ ላይ 18/10 ወይም 18/8 ተጽፎ ይሆናል፣ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 ወይም 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ኒኬሉ ውስጡ ስላለ ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ቢላ ግን በእሳት ተግሎ ተነክሮ መጠንከር አለበት፣ ያኛው ብረት በዚህ መንገድ አይጠነክርም። ለዚህ ነው ቢላ የሚሠራው ካርቦን ከፍ ካለውና ማግኔት ከሚስበው ዓይነት የሆነው። ማግኔት የማይስበው የቢላ ስለት ካገኘሽ ነው መጠራጠር ያለብሽ። 18/0 የተጻፈበት ማንኪያም አለ፣ ኒኬል የለውም፣ ይሳባል። በመጠኑ ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል ግን ሐሰተኛ አይደለም፣ ቆዳቸው ኒኬል የማይስማማ ሰዎች እንዲያውም እሱን ነው የሚፈልጉት።


እሳት ዳር፦

ስለ ሲሊኮን፣ እኔ አንድ ብቻ አለኝ፣ የሳህን ጥግ ጠርጎ የሚያወጣ መጥረጊያ። ለዚያ ሥራ እንጨት አይተካውም። ከ200 ዲግሪ በላይ ይችላል፣ ለዓመታት ይቆያል። ግን አይበሰብስም፣ መልሶ የሚጠቀምበት ቦታም በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ ለሁሉም ነገር ሲሊኮን አትሰብስቢ። ስትገዢ ጫፉና እጀታው አንድ ወጥ የሆነውን ምረጪ። ጫፉ ተነቃይ ከሆነ በመጋጠሚያው ውሃና ምግብ ይገባበታል፣ እዚያ ይሻግታል። መጥበሻሽ ሽፋን የሌለው ብረት ከሆነ ደግሞ የብረት መገልበጫ ያዢ፣ አንድ ከገዛሽ በቃሽ።


መሮ፦

ራስሽ ትችይዋለሽ ልጄ። ትራፓኖና ሞርሳ ያለው ሰው ለአንድ ከሰዓት ፈልጊ እንጂ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ በፕላስተር እሰሪው። ይህን ሳታደርጊ ምንም አትንኪ። ከዚያ የቀሩትን ሪቬቶች ራሳቸውን በትራፓኖ ቦርቡሪያቸውና በምስማር መትተሽ አውጫቸው፣ እንጨቱ ይለቃል። ከእንጨቱ ሥር ዝገትና የደረቀ ቆሻሻ ታገኚያለሽ። በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ አጽጂው፣ ዝገቱ እምቢ ካለ አቼቶ ያራሰ ጨርቅ ለጥቂት ሰዓት ጠቅልይበት፣ ከዚያ አጥበሽ በደንብ አድርቂ። ብረቱን በሚሽከረከር ድንጋይ እንዳትነኪው። ከጋለና ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ጥንካሬው ይጠፋል፣ ያንን ደግሞ እቤት መመለስ አይቻልም።

የደረቀ ጠንካራ እንጨት ፈልጊ፣ ከማንኛውም አናጢ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ዋናው መድረቁ ነው። እርጥብ እንጨት ከገጠምሽ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከብረቱም ይለያል። ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ የእያንዳንዱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ከብረቱ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ። አንዱን ብረቱ ሥር አስቀምጠሽ በብረቱ ቀዳዳ በኩል ብሺው፣ ሁለተኛውንም እንደዚሁ። በስለቱ በኩል የሚሆነውን የእንጨቱን ጫፍ ግን ከማጣበቅሽ በፊት ጨርሰሽ አለስልሺው፣ በኋላ ብረቱን ሳትቧጭሪ እዚያ መድረስ አትችዪም።

ማጣበቂያው ሁለት ዓይነት የሚደባለቀው ኢፖክሲ ይሁን። ተራው የእንጨት ኮላ ብረት አይዝም። የብረቱንም የእንጨቱንም ውስጠኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪ፣ ቅባት እንዳይኖር ጥረጊ፣ ቀቢ፣ በቀዳዳዎቹ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ዘንግ አስገቢ፣ በሞርሳ ያዢው። ከመጠን በላይ አታጥብቂ፣ ኢፖክሲው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። 24 ሰዓት አትንኪው። ከዚያ በእጅሽ ልክ እስኪሆን ሞርጂው፣ በ120 ጀምረሽ በ220 ጨርሺው። እየደጋገምሽ እጅሽ ውስጥ ያዢና ሞክሪው። የገበያ እጀታ ለማንም ሰው ተብሎ ነው የሚሠራው፣ ይሄ ግን ለአንቺ እጅ ነው። በመጨረሻ ዘይት።


የጓዳ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤታችን ሞርሳ አለው፣ እሁድ እጠይቀዋለሁ። አዲስ ቢላ መግዛቴን ትቻለሁ፣ አንድ መሳያ ድንጋይ፣ አንድ የእንጨት ማማሰያና አሮጌ ካስት አይረን ካገኘሁ ይበቃኛል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቢላዋን መጀመሪያ ልሳላት ወይስ መጀመሪያ እጀታውን ልሥራ?


ስለት፦

እጀታው ይቅደም። የተሳለ ቢላ በሞርሳ ይዞ እጀታ መሞረድ እጅ ያስቆርጣል፣ የምትጠቀልይውንም ጨርቅ ይበሳዋል። ደግሞ በሚነቃነቅ እጀታ ስትስዪ ማዕዘኑ ይዋዥቃል፣ ስለቱ አንድ ቦታ ስስ ሌላ ቦታ ወፍራም ይሆንብሻል። እጀታው ደርቆ ዘይቱ ከጠጣ በኋላ ድንጋዩን አውጪ። አሮጌ ቢላ ስለሆነች አፏ ላይ ሽርፍራፊ ካለ መጀመሪያ 400ውን ፈልጊ፣ ከሌለ በ1000 ብቻ ትመለሳለች።